የጨዋታ ፍጥነት፣ ማጥቃትና መከላከል በቅርጫት ኳስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የነጥብ ሰንጠረዥ አይታችሁ «ይሄ ቡድን አጥቂ ነው፣ ያኛው ተከላካይ ነው» ከማለታችሁ በፊት እነዚህን እለፉባቸው።

የጨዋታ ፍጥነት ሲባል ምን ማለት ነው?

ተጫዋቾቹ ምን ያህል ይሮጣሉ ማለት አይደለም። አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ስንት ጊዜ የማጥቃት ተራ ያገኛል ማለት ነው። ተራው የሚጀምረው ቡድኑ ኳስ ሲይዝ ነው። የሚያልቀው ደግሞ ኳሱ ወደ ተጋጣሚ ሲሄድ ነው፦ ሲያስቆጥር፣ ስቶ ተጋጣሚው ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰውን ኳስ) ሲወስድ፣ ወይም ሲቀማ። በአሜሪካው ፕሮፌሽናል ሊግ በኤንቢኤ ፍጥነት የሚለካው በ48 ደቂቃ ውስጥ ባሉ ተራዎች ብዛት ነው። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊባ ሕግ ጨዋታው 40 ደቂቃ ስለሆነ ቁጥሩ ያንሳል። በ40 ደቂቃ 75 ተራ ማለት በ48 ደቂቃ 90 ማለት ነው፤ ሁለቱን እንዲሁ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማወዳደር አይቻልም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር ደግሞ አለ። በአንድ ጨዋታ የሁለቱ ቡድኖች ተራ እኩል ነው ማለት ይቻላል። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራላ! ልዩነቱ ቢበዛ ጥቂት ነው። ስለዚህ በፍጥነት የሚጫወት ቡድን ለራሱ የጨመረውን ዕድል ያህል ለተጋጣሚውም ይጨምራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህች ነጥብ ይነሳል።

ብዙ ነጥብ የሚያስቆጥር ቡድን ጥሩ አጥቂ ነው ማለት አይደለም እንዴ?

የግድ አይደለም። አንድ ቡድን በ100 ተራ 100 ነጥብ ቢያስቆጥርና ሌላው በ85 ተራ 92 ቢያስቆጥር፣ በማጥቃት የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። በ100 ተራ ሲሰላ 108 ነጥብ ይደርሳል። የመጀመሪያው ብዙ ነጥብ ያገኘው ብዙ ስለሞከረ ነው።

ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው የ1990–91 ዴንቨር ነጌትስ ነው። አሰልጣኙ ፖል ዌስትሄድ ቡድኑን ያለ እረፍት ያስሮጡት ነበር። ዴንቨር በጨዋታ በአማካይ 119.9 ነጥብ አስቆጥሮ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ግን በየተራው ሲካፈል ማጥቃቱ ከሊጉ አማካይ በታች ነበር። የሚቆጠርበት ደግሞ 130.8 ነጥብ ነበር። ውድድሩን በ20 ድልና በ62 ሽንፈት ጨረሰ። ነጥብ በጨዋታ የሚለውን ቁጥር ብቻ ያየ ሰው ያንን ቡድን የሊጉ ምርጥ አጥቂ ይለዋል።

በቅርቡም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በ2023–24 በነጥብ ብዛት ሊጉን የመራው በፍጥነቱ የታወቀው ኢንዲያና ፔሰርስ ነው፤ በጨዋታ 123.3። በየተራው ሲሰላ ግን ከሁሉም የበለጠው ቦስተን ሴልቲክስ ነበር። ቦስተን ረጋ ብሎ የሚጫወት፣ በፍጥነት ከሊጉ አማካይ በታች የነበረ ቡድን ነው። ሁለቱ በኤንቢኤ የምሥራቁ ምድብ ፍጻሜ ተገናኙ፤ ቦስተን 4 ለ 0 አሸነፈ፣ ከዚያም ዋንጫውን ወሰደ።

የማጥቃት ተራን ራሴ መቁጠር እችላለሁ?

ትችላላችሁ። የጨዋታው የቁጥር ዝርዝር ካላችሁ ከነፃ ውርወራ ውጪ የተወረወሩትን ኳሶች ውሰዱ፤ ከዚያ የማጥቃት ሪባውንድ (ቡድኑ ራሱ ስቶ መልሶ የያዘውን ኳስ) ቀንሱ፣ ሳይወረወሩ የጠፉ ኳሶችን ደምሩ፣ የነፃ ውርወራዎችን ብዛት ደግሞ በ0.44 አባዝታችሁ ጨምሩ። ለምሳሌ 88 ውርወራ፣ 10 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 13 የጠፋ ኳስ፣ 22 ነፃ ውርወራ ካለ ውጤቱ ወደ 101 ተራ ይጠጋል።

0.44 ከየት መጣ? ሁለት ነፃ ውርወራ አንድ ተራ ቢሆን ኖሮ 0.5 ይሆን ነበር። ግን አስቆጥሮ ፋውል የተሠራበት ተጫዋች የሚወረውረው ተጨማሪ አንድ ኳስ አለ፣ የቴክኒክ ፋውልም አለ። እነዚህ አዲስ ተራ አይፈጥሩም። ስለዚህ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ይላል። የማጥቃት ሪባውንድ የሚቀነሰውም ለዚህ ነው፤ ኳሱ ከቡድኑ እጅ ስላልወጣ ተራው ያው ነው።

በፍጥነት የሚጫወት ቡድን መከላከል አይችልም የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። ይህን አባባል በጣም ብዙ ጊዜ ስለምሰማው ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

አባባሉ የተወለደው ከነጥብ ሰንጠረዥ ነው። ፈጣን ቡድን ተጋጣሚውም ብዙ ተራ ስለሚያገኝ ብዙ ይቆጠርበታል። ይህ ከመከላከል ድክመት ሳይሆን ከተራ ብዛት የሚመጣ ነው። የአሰልጣኝ ማይክ ዳንቶኒን ፊኒክስ ሰንስ አስታውሱ። በ2004–05 ስቲቭ ናሽን ይዘው 62 ጨዋታ አሸነፉ፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ያሸነፉት 29 ብቻ ነበር። በጨዋታ 103 ነጥብ ገደማ ስለሚቆጠርባቸው «መከላከል የማያውቁ» የሚል ስም ወጣላቸው። በየተራው ሲታይ ግን መከላከላቸው የሊጉ መካከለኛ ነበር። ምርጥ አልነበሩም፤ የተባለውን ያህል መጥፎም አልነበሩም።

ክርክሩን የዘጋው ግን የ2014–15 ጎልደን ስቴት ዋርየርስ ነው። በአሰልጣኝ ስቲቭ ከር የመጀመሪያ ዓመት በፍጥነት ከሊጉ አንደኛ ነበሩ። በየተራው በሚቆጠርባቸው ነጥብ ሲለካ በመከላከልም አንደኛ ነበሩ። 67 ጨዋታ አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። በጨዋታ የሚቆጠርባቸው ወደ 100 ነጥብ ነበር፤ ይህ በሰንጠረዡ መካከለኛ ቦታ ላይ የሚያስቀምጥ ነው። ያንን ዓምድ ብቻ ያየ ሰው የሊጉን ምርጥ ተከላካይ ቡድን «እንደ ነገሩ» ብሎ ያልፈው ነበር።

ታዲያ የነጌትስ ጉዳይስ? እነሱ በየተራውም ቢሰላ የሊጉ መጥፎ ተከላካዮች ነበሩ። ፍጥነቱ ያደረገው ያንን ድክመት ማባዛት ነው።

ዝግ የሚሉ ቡድኖችስ ጥሩ ተከላካይ የሚመስሉት በቁጥር ማታለያ ነው?

አንዳንዶቹ አዎ፣ ሁሉም ግን አይደሉም። በ2004 ዋንጫ የወሰደው ዲትሮይት ፒስተንስ በጨዋታ 84.3 ነጥብ ብቻ ነበር የሚቆጠርበት። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የመጣው ከዝግታው ነው። ቤን ዋላስና ቴይሾን ፕሪንስ የተሰለፉበት ቡድን ግን በየተራውም ቢታይ ከምርጦቹ ተከላካዮች አንዱ ነበር። ዝግታው ቁጥሩን አሳመረው እንጂ መከላከሉን አልፈጠረውም። አንድ ዝግተኛ ቡድን 95 ነጥብ ሲቆጠርበት «ግድግዳ ነው» ከማለታችሁ በፊት ግን ስንት ተራ እንደነበረ ጠይቁ።

በፍጥነት ማጥቃት በራሱ ይጠቅማል?

ተጋጣሚ ሳይደራጅ ማጥቃት ይጠቅማል። ረጅሙ ተከላካይ ገና ከወዲያኛው ሜዳ እየሮጠ ነው፣ ማን ማንን እንደሚይዝ አልተነጋገሩም፣ ጥግ ላይ የቆመውን ሦስት ነጥብ ወርዋሪ ያየው የለም። ከመልሶ ማጥቃት የሚገኝ ነጥብ በየተራው ሲሰላ ከተደራጀ መከላከል ላይ ከሚገኘው ይበልጣል፤ ይህ በየሊጉ የሚታይ ነው። ሰንሶች በሰባት ሰከንድ ውስጥ ለመወርወር የሚሞክሩት ለዚህ ነበር።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለመወርወር ያለው 24 ሰከንድ ነው፤ በ20ኛው ሰከንድ የሚወረወር ኳስ ብዙ ጊዜ ይስታል። «እንግዲያው ሁሌም ቶሎ እንወርውር» የሚል ድምዳሜ ግን አያስኬድም። ብዙውን ጊዜ ተራው እስከ 20ኛው ሰከንድ የተጓተተው መከላከሉ ጥሩ ስለነበር ነው። ከዚያ በፊት ጥሩ ዕድል ቢገኝ ኖሮ ይወረወር ነበር። በ5ኛው ሰከንድ ሰው ፊቱ ቆሞበት የሚወረውር ተጫዋች ከፍጥነት ምንም አያተርፍም።

ጥሩ መከላከል ጨዋታን ያፈጥናል ወይስ ያዘገያል?

ሁለቱንም፣ በአንድ ጊዜ። ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

ጥሩ መከላከል የተጋጣሚን ተራ ያስረዝማል። አጥቂው አንድ በር ይዘጋበታል፣ ሌላ ይሞክራል፣ ኳሱ ሜዳውን ይዞራል፣ ሰዓቱ ያልቃል። በዚህ በኩል ጨዋታው ይዘገያል። ነገር ግን ተራው ሲያልቅ ኳሱ ተስቶ ወይም ተቀምቶ ነው የሚያልቀው። የተሳተ ኳስ ሪባውንድ ይዞ መሮጥ ይቻላል፤ የተቀማ ኳስ ደግሞ ከሁሉም የበለጠ የመልሶ ማጥቃት ዕድል ነው። በዚህ በኩል ጨዋታው ይፈጥናል። ዋርየርስ እንደዚያ የሚሮጡት አንድሩ ቦጉትና ድሬይመንድ ግሪን ከኋላ ኳስ ስለሚያስገኙላቸው ጭምር ነበር።

ተገላቢጦሹም ይሠራል። ጥሩ ማጥቃት ለመከላከል ይረዳል። አስቆጠራችሁ እንበል። ተጋጣሚ ኳሱን ከመስመር ውጪ ይዞ መጀመር አለበት፣ እናንተ እስከዚያ ተመልሳችሁ ትደራጃላችሁ። የማይሆን ኳስ ወርውራችሁ ሳታችሁ፣ ወይም መሃል ሜዳ ላይ ተቀማችሁ እንበል። ያኔ ተከላካዮቻችሁ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆኑ ቦታቸው ላይ የሉም። በመከላከሉ የሚያማርር አሰልጣኝ አንዳንዴ መጀመሪያ ማየት ያለበት ቡድኑ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረውር ነው።

በዚህ የተነሳ አንድ የፍጥነት ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል። አንድ ቡድን ራሱ በፍጥነት እያጠቃ፣ መከላከሉ ግን ተጋጣሚን በጣም ስለሚያዘገይ በድምሩ «መካከለኛ» ሊመስል ይችላል። ከተቻለ ሁለቱን ለየብቻ ተመልከቱ፦ ቡድኑ ለማጥቃት ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል፣ ተጋጣሚውስ ስንት?

ፍጥነቱን የሚወስነው የትኛው ቡድን ነው?

ሁለቱም በየግማሻቸው። የራሳችሁን ማጥቃት ማፍጠን ወይም ማዝገም በእጃችሁ ነው። የተጋጣሚን ግን በተዘዋዋሪ ብቻ ነው የምትነኩት። ዝግ እንዲል ከፈለጋችሁ ሰው ወደ ኋላ መልሱ፣ የመጀመሪያውን ቅብብል አዘግዩ። እንዲቸኩል ከፈለጋችሁ ሙሉ ሜዳ ላይ ተጫኑት።

ለማጥቃት ሪባውንድ ብዙ ሰው መላክ ከፍጥነት ጋር ምን ያገናኘዋል?

ቅርጫቱ ስር የቀረ ተጫዋች ወደ ኋላ ለመመለስ አይደርስም። ሪባውንዱን ካገኘ ቡድኑ ሌላ ዕድል አገኘ፣ ካላገኘ ተጋጣሚው ቁጥር በዝቶለት ይሮጣል። ስለዚህ ዝግ ያለ ጨዋታ የሚፈልጉ ብዙ አሰልጣኞች ከመወርወሩ ጋር ሁለት ሦስት ሰው ወደ ኋላ ይመልሳሉ። ወደ ቅርጫቱ የሚልኩት ደግሞ ተጋጣሚም ሪባውንድ ለመያዝ ሰው ማስቀረት ስለሚገደድ መሮጥ አይችልም ይላሉ። ሁለቱም ክርክር ሚዛን ይደፋል፤ የሚወስነው ተጫዋቾቻችሁ ሪባውንዱን በእርግጥ ያገኙታል ወይ የሚለው ነው።

ድሮ ጨዋታው ከአሁኑ ይፈጥን ነበር?

የትኛው ድሮ? ከ1954 በፊት በኤንቢኤ የመወርወሪያ ሰዓት፣ ማለትም ቡድኑ እስከ ስንት ሰከንድ መወርወር እንዳለበት የሚወስን ሕግ አልነበረም። ኳስ ይዞ መቆም ይቻል ነበር። ኅዳር 22 ቀን 1950 በፈረንጆች አቆጣጠር ፎርት ዌይን ፒስተንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ፤ እስከ ዛሬ በሊጉ ዝቅተኛው የነጥብ ድምር ነው። ፒስተንሶች የሌከርሱን ግዙፍ ኮከብ ጆርጅ ማይከንን መቋቋም ስለማይችሉ ኳሱን አልሰጥ አሉ። የሲራኪውስ ናሽናልስ ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ የ24 ሰከንዱን ሕግ ያመጣው እንዲህ ዓይነቱን ጨዋታ ለማስቀረት ነው። ስሌቱ ቀላል ነበር። ደስ በሚል ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች ተደምረው 120 ጊዜ ያህል ይወረውራሉ፤ የ48 ደቂቃውን 2,880 ሰከንድ ለ120 ሲያካፍሉት 24 ይመጣል። ሕጉ በ1954–55 ሲጀመር የአንድ ቡድን አማካይ ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ዘለለ።

ከዚያ በኋላ ጨዋታው በጣም ፈጠነ። በ1961–62 ቡድኖች በአማካይ ወደ 119 ነጥብ ያስቆጥሩ ነበር፣ ዊልት ቻምበርሌይንም በጨዋታ 50.4 ነጥብ ያስመዘገበው በዚያ ዓመት ነው። ግን ከሚወረውሩት የሚያስቆጥሩት 42.6 በመቶውን ብቻ ነበር። በፍጥነት እየወረወሩ፣ ብዙ እየሳቱ፣ እንደገና እየሮጡ ማለት ነው። ነጥቡን ያበዛው የተራው ብዛት ነው። የቻምበርሌይንን ታላቅነት አይቀንስም፣ ቁጥሩን ከዛሬ ተጫዋች ጋር ስናነጻጽር ግን ልናስብበት ይገባል።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጨዋታው ዝግ አለ። በ1998–99 አማካዩ በ48 ደቂቃ 89 ተራ ገደማ ነበር፤ በ2018–19 ወደ 100 ተመለሰ። ዛሬ ግን ፍጥነቱ ብቻ አይደለም የጨመረው፤ በየተራው የሚገኘው ነጥብም ጨምሯል፣ በተለይ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጪ በሚወረወረው ኳስ ብዛት። በስልሳዎቹ ፈጣንና ስህተት የበዛበት፣ ዛሬ ፈጣንና ቅልጥፍና ያለው ጨዋታ አለ። ፍጥነትና የማጥቃት ጥራት አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ነገሮች አይደሉም።

ደካማ ቡድን ጠንካራውን ሲገጥም ለምን ዝግ ይላል?

ዕድል እንዲያግዘው። የተሻለው ቡድን በየተራው ትንሽ ይበልጣል፤ ተራው በበዛ ቁጥር ያ ብልጫ እየተጠራቀመ ይሄዳል፣ የዕድል ድርሻ ግን በዚያው ልክ አያድግም። ተራው ሲያንስ ሁለት ሦስት የገቡ ሦስት ነጥቦች ሁሉን ነገር ሊገለብጡ ይችላሉ። በ1996 የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር ላይ የአሰልጣኝ ፒት ካሪል ፕሪንስተን የቀደመውን ዓመት ሻምፒዮን ዩሲኤልኤን 43 ለ 41 ያሸነፈው እንዲህ ነው። የኮሌጆቹ ሰዓት በጊዜው 35 ሰከንድ ስለነበር ጊዜ መግዛት ይቻል ነበር።

አስቸጋሪው ደግሞ ተቃራኒው ነው፦ ጠንካራ ቡድን ራሱ ዝግ ሲል። በ2018 በዚያው የኮሌጆች ውድድር የአሰልጣኝ ቶኒ ቤኔት ቨርጂኒያ በዝግታውና በመከላከሉ ታውቆ በምድቡ አንደኛ ደረጃ ተሰጥቶት ገባ። የመጨረሻው፣ 16ኛ ደረጃ የተሰጠው የዩኤምቢሲ ዩኒቨርሲቲ ቡድን 74 ለ 54 አሸነፈው፤ በወንዶች ውድድር ከዚያ በፊት ሆኖ የማያውቅ ነገር ነው። ብዙዎች ዝግታውን ወቀሱ፤ ምክንያታቸው በመርህ ደረጃ ትክክል ነው። ነገር ግን በቀጣዩ ዓመት ያው ቨርጂኒያ በዚያው ዝግታ ዋንጫውን ወሰደ። ሃያ ነጥብ የተሸነፈ ቡድንን ደግሞ ተራ ማነስ ብቻውን አያስረዳውም። እኔ ብጠየቅ፣ መከላከሉ የሚሠራው በዚያ አጨዋወት ከሆነ አጨዋወቱን ለመቀየር አልቸኩልም ነበር።

አንድ አጨዋወት አንድ ቦታ ሠርቶ ሌላ ቦታ ለምን ይወድቃል?

ፖል ዌስትሄድ ወደ ዴንቨር ከመሄዳቸው በፊት በሎዮላ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲ ያንኑ ሩጫ አሰልጥነው በ1989–90 በጨዋታ 122.4 ነጥብ ያስቆጠረ ቡድን ሠርተዋል። በኮሌጆች ውድድርም እስከ መጨረሻዎቹ ስምንት ደርሰዋል። አጨዋወቱ ያው ነው። ልዩነቱ ተጋጣሚው ነው። ሙሉ ሜዳ ላይ መጫን የሚሠራው ተጋጣሚ ሲደክምና ሲሳሳት ነው። የኮሌጅ ተጫዋች ይደነግጣል። የኤንቢኤ ተጫዋች ግን ጫናውን በሁለት ቅብብል አልፎ ባዶ ቅርጫት ያገኛል። ስለዚህ «በየትኛው ፍጥነት እንጫወት?» ከማለት በፊት «ጨዋታው ሲፈጥን ማን ነው የበለጠ የሚሳሳተው?» ማለት ይሻላል።

በጥሎ ማለፍ ጨዋታው ለምን ይዘገያል?

ሁሉም ይጠነቀቃል። ተጋጣሚ በደንብ ተጠንቷል፣ ወደ ኋላ መመለስ ላይ ማንም አይሰንፍም፣ የሚጠፋ ኳስም ይቀንሳል። ስለዚህ ነጥቡን ከመልሶ ማጥቃት ብቻ የሚያገኝ ቡድን ይቸገራል። በተደራጀ መከላከል ላይም ማስቆጠር የሚችል ፈጣን ቡድን ግን የሚፈራው ነገር የለም።

ተራ እኩል ከሆነ በሩብ ማብቂያ ላይ አንዳንድ ቡድኖች በጥድፊያ የሚወረውሩት ለምንድን ነው?

እኩልነቱ የሚፈርሰው እዚያ ስለሆነ ነው። ሩቡ ሊያልቅ 35 ሰከንድ ሲቀር ኳስ የያዘ ቡድን ሰዓቱን ጨርሶ ቢወረውር ለተጋጣሚው የመጨረሻውን ተራ ይሰጠዋል። በ30 አካባቢ ከወረወረ ግን ተጋጣሚው 24 ሰከንዱን ሙሉ ቢጠቀም እንኳ ጥቂት ሰከንድ ይተርፋል። ያቺ ትርፍ ተራ የእሱ ናት። በአንድ ጨዋታ አራት ሩብ ስላለ ይህን በደንብ የሚያሰላ ቡድን አንድ ሁለት ተጨማሪ ተራ ሊያገኝ ይችላል።

ዋጋ ግን አለው። ጥሩ ዕድል ሳይኖር ለሰዓቱ ሲባል ብቻ የተወረወረ ኳስ ከሳተ፣ ሙሉ ተራ አባክኖ ሦስት አራት ሰከንድ የቀራት፣ ከሩቅ የምትወረወር ተራ መግዛት ነው። ስለዚህ 40 ሰከንድ ሲቀር ጀምረው የሚዘጋጁ ቡድኖች ናቸው የሚያተርፉት፤ 32 ላይ ትዝ ብሏቸው የሚደነግጡት ብዙም አይጠቀሙበትም።